ገጽ ሃያ ስድስት

ላሊሴ ዓይኗ እየከዳት መሆኑን ካወቀች ስምንት ወር ሆኗታል። ከአባቷ በቀር ማንም አያውቅም። ቡራዩ ውስጥ፣ ከታክሲ ተራው ከፍ ብላ ባለች አነስተኛ ማተሚያ ቤት የገጽ ቅንብር ሠራተኛ ናት፤ የገጽ ቅንብር ሠራተኛ ዓይኑ ከከዳው ምን እንደሚቀረው መገመት አያስቸግርም። ስለዚህ ደበቀች። ፊደሉ ሲደበዝዝባት ስክሪኑን በሻርፗ ጫፍ ትወለውላለች፣ በአምፖሉ ታማርራለች። በግራ በኩል ካለው ወንበር ጋር ስትጋጭ «ማነው እዚህ ያስቀመጠው?» ብላ ትቆጣለች። ወንበሩ ግን አራት ዓመት ሙሉ ከቦታው ንቅንቅ ብሎ አያውቅም።

አሠሪዋ ጋሽ ወንዳፍራሽ ደግ ሰው ናቸው። «ደክሞሽ ነው፣ ውሃ ጠጪ» ይሏታል። ለእሳቸው የዓለም በሽታ ሁሉ መድኃኒቱ ውሃ ነው።

አንድ ማክሰኞ ጠዋት በረንዳው ላይ ኳ፣ ኳ የሚል ድምፅ ተሰማና ዝም አለ። ነጭ በትር የያዘ ረጅም ወጣት በሩ ላይ ቆሟል። ሸሚዙ ተተኩሷል፣ ጫማው ተወልውሏል። ላሊሴ አየችው። እውነቱን እንናገር ከተባለ ያኔ የተሰማት ርኅራኄ አልነበረም፤ ፍርሃት ነው። ስምንት ወር ሙሉ ከሐሳቧ ስታባርረው የከረመችው ነገር በእግሩ መጥቶ ደጃፏ ላይ «እንደምን አደራችሁ?» አለ።

መልስ አልሰጠችም። ዝም ብትል የሚሄድ መስሏት ነበር።

«ሰው እንዳለማ አውቃለሁ» አለ ወጣቱ ፈገግ ብሎ፤ «ኪቦርድ ሲነካካ ሰምቻለሁ። እምቢ ካላችሁ ኪቦርዱን አናግረዋለሁ።»

ሳታስበው ሳቅ አመለጣት። «አለሁ፣ ግባ። ደረጃ አለው፣ ተጠንቀቅ።»

«ሁለት ናቸው፤ አንደኛው ተሸርፏል» አለና ገባ።

እስራኤል ይባላል። የመጣው ከሰበታ ነው። እዚያ አንድ ትንሽ ማኅበር አለ፤ ዓይናቸው ካደጉ በኋላ የጠፋባቸውን ሰዎች በነጭ በትር መራመድ ያስተምራል፤ አስተማሪው እሱ ነው። ከአምስት ዓመት በፊት ትምህርቱን አርባ ገጽ አድርገው ጽፈው እዚሁ ማተሚያ ቤት በቡክሌት አሳትመውት ነበር። አሁን ተማሪዎቹ ጮክ ብሎ የሚያነብ ስልክ ስላላቸው በስልካቸው እንዲሰሙት ፈለገ። ያኔ ሥራውን የሠራው ሰው ግን ለቆ ሄዷል፤ የተረፈው ለማተሚያ የተዘጋጀው ፋይል ብቻ ነው።

«ስልኬ እንዲያነብልኝ ከፈትኩት» አለ ፍላሹን ዘርግቶ። «መጀመሪያ ‹ሥልጠናውን በሚገባ ስለፈጸማችሁ እንኳን ደስ አላችሁ› አለኝ። ከዚያ ‹ነጭ በትር ማለት ምን ማለት ነው?› ብሎ ጀመረ። በትሩን ሳልይዝ ተመረቅኩ!»

ላሊሴ እየሳቀች አንድ ወረቀት አንስታ ለሁለት አጠፈችና በእጁ አስያዘችው። ጣቶቻቸው ተነካኩ። የእሱ ጣቶች አልቸኮሉም፤ እጥፋቱን ከላይ እስከ ታች ተከተሉት።

«ቡክሌት እንዲህ ነው የሚሠራው» አለች። «አርባ ገጽ ማለት አሥር ወረቀት ነው። ተደራርቦ ይታጠፍና መሃሉ ላይ ይሰፋል። ስለዚህ የውጨኛው ወረቀት ላይ አንደኛውና አርባኛው ገጽ ጎን ለጎን ይታተማሉ። በጀርባው ሁለተኛውና ሠላሳ ዘጠነኛው። ሲታጠፍ ልክ ይመጣል፤ ሳይታጠፍ ካነበብከው ግን መጨረሻው ከመጀመሪያው ይቀድማል።»

«ሦስተኛው ከሠላሳ ስምንተኛው ጋር ነዋ? አራተኛው ከሠላሳ ሰባተኛው?»

«አዎ!»

«ድምሩ ሁልጊዜ አርባ አንድ ነው» አለ እስራኤል ወረቀቱን እየዳበሰ።

አራት ዓመት ስትሠራ ይህን እንዲህ ቶሎ የገባው ሰው አላጋጠማትም። ደስ አላት፤ ደስ ስላላትም ደነገጠች።

«ያስቸገረው ሌላ ነው» አለች ወደ ሥራዋ ለመመለስ። «ፋይሉን የሠራው ሰው የፊቱንና የጀርባውን ለየብቻ ነው ያስቀመጠው፤ ሉሆቹም ተዘበራርቀዋል። እያንዳንዱን ሉህ ለሁለት ቆርጬ፣ የገጹን ቁጥር እያየሁ በተራ ልደረድረው ነው።»

«ቁጥሩ ደግሞ በግዕዝ ነው። ሊቀመንበራችን ክብር ይኑረው ብለው ነው። ስልኬ የግዕዝ ቁጥር ሲያይ ዝም ብሎ ያልፋል፤ እኔ ልረዳሽ አልችልም። በአንቺ ዓይን ነው የምንተማመነው።»

ላሊሴ ስክሪኑን በሻርፗ ወለወለችው።

ለሥራው ሁለት ሳምንት ቀጠረችው። በሁለቱ ሳምንት ውስጥ እስራኤል አራት ጊዜ ከሰበታ ቡራዩ ተመላለሰ፤ አየር ጤና ወርዶ፣ በጦር ኃይሎች ዞሮ፣ አስኮ ላይ ታክሲ ቀይሮ። አንዴ ሽፋኑን ለመጠየቅ፣ አንዴ የፍላሹን ክዳን ረስቼ ብሎ። የፍላሹን ክዳን ጋሽ ወንዳፍራሽ ራሳቸው ከሸሚዙ ኪስ ውስጥ አገኙለት። «ልጁ ውሃ የጠማው ይመስለኛል» ብለው ወደ ጓዳ ገቡ።

ስለ ሰበታ ያወራላታል። እህቱ ጨርቃ ጨርቅ ፋብሪካ ትሠራለች፤ እሱን ከወላይታ ያመጣችውም እሷ ናት። ዓይኑ የጠፋው በአሥራ ሦስት ዓመቱ ነው፤ ቀስ በቀስ። ላሊሴ «ቀስ በቀስ» የሚለውን ስትሰማ ርዕሱን ትቀይራለች። ሲሄድ ድምፁ ከጆሮዋ አይጠፋም፤ ሲመጣ የበትሩን ኳኳታ ስትሰማ መዳፏን ያልባታል። ወደደችው። ፈራችውም። የትኛው እንደሚበልጥ ራሷም አታውቅም ነበር።

በአራተኛው ምልልሱ አሥራ ሁለት ሰዓት ገደማ ታክሲ ተራው ድረስ ልትሸኘው ወጣች። ያ ሰዓት ለእሷ ክፉ ሰዓት ነው፤ ብርሃኑ ሲደክም በግራዋ ያለው ነገር ሁሉ ይጠፋባታል። እስራኤል ክርኗን ቀለል አድርጎ ያዘ። ስለ ሠርግ ካርድ እያወራችው ሲሄዱ ድንገት፣

«ቆይ» አለ።

በትሩ በግራዋ በኩል ባዶ ነገር ውስጥ ገባ። ክዳኑ የተነሳ የፍሳሽ ጉድጓድ ነው። እግሯ ከአፉ ላይ አንድ ስንዝር ቀርቶት ነበር። ላሊሴ አላየችውም።

እስራኤል በትሩን ወደ ቀኝ መራና እጁን ከክርኗ ሳያነሳ አሳለፋት። እሷም ስለ ሠርግ ካርዱ ካቆመችበት ቀጠለች። ማን ማንን እየሸኘ እንደሆነ አላወቀችም። እሱ ታክሲው ውስጥ ከገባ በኋላ እርምጃዋን እያሳጠረች ተመለሰች።

ፍርሃቷ ሥር አለው። የአባቷ እናት፣ አኮ የሚሏት፣ ዓይኗ የጠፋው አርባ ዓመት ሳይሞላት ነው። ላሊሴ የምታስታውሳት ሱሉልታ ካለው ቤታቸው ግድግዳ ሥር፣ በርጩማ ላይ ተቀምጣ ነው። ሃያ ዓመት እዚያው ተቀመጠች። እጇን የሚይዛት ከሌለ አትነሳም፤ እንግዳ ሲመጣ ደግሞ ወደ ጓዳ ትገባለች። አኮ ስትሞት በርጩማዋን ወደ ጓዳ አስገቡ፤ ግድግዳው ላይ የጀርባዋ ቦታ ወዝቶ ቀርቷል።

ከስምንት ወር በፊት ላሊሴ ለአባቷ ለኦቦ ዲሪርሳ ሻይ ስትቀዳ ከስኒው ውጭ አፈሰሰች። ኦቦ ዲሪርሳ ጠረጴዛውን ሲያዩ ቆዩና ፊታቸው ተለወጠ። «ለሰው እንዳትናገሪ» አሏት። «ሽማግሌ ሲመጣ መጀመሪያ የሚያጣራው ዘር ነው። የእናቴን ነገር የሚያስታውስ ሰው አልቋል። አንቺ ካልተናገርሽ ማንም አያውቅም።»

ሐኪም ቤት እንሂድ ያለ ሰው አልነበረም። ሐኪሙ ‹የአኮ በሽታ ነው› ቢል በርጩማው ከጓዳ ይወጣል ብለው ሁለቱም ፈርተው ነበር።

ሥራውን ሐሙስ ጨረሰች። ሉሆቹን ቆረጠች፣ ቁጥሩን እያየች በተራ ደረደረች። ስድስትና ሰባት ላይ ስትደርስ ዓይኗን ጨፍና ገለጠች፤ ፮ እና ፯ በደህና ዓይንም ይመሳሰላሉ፣ ለእሷ ደግሞ ሁለቱም ጥቁር ነጠብጣብ ሆነዋል። ስክሪኑን ወለወለች፤ አልጠራም። ‹ይሄ ስድስት ነው› ብላ ወሰነች። አሥራ ስድስት ላይም ወሰነች፣ ሃያ ስድስት ላይም፣ ሠላሳ ስድስት ላይም። ጋሽ ወንዳፍራሽን ‹እስቲ ይዩልኝ› ማለት አንድ ቃል ነበር። ያ አንድ ቃል ግን ስምንት ወር የደበቀችውን ያወጣባታል።

በማተሚያ ቤቱ ልማድ ሥራ ሲያልቅ የሚታየው መጀመሪያው፣ መሃሉና መጨረሻው ነው። አየቻቸው፤ ልክ ናቸው። በቴሌግራም ላከችለት። ሩብ ሰዓት ሳይሞላ ደወለ፤ «ግሩም ነው! ለተማሪዎቼ አሁኑኑ ልልክላቸው ነው» አለ። ከዚያ ሥራ የሚባል ነገር ሳያነሱ አንድ ሰዓት አወሩ።

ሰኞ ጠዋት እንደገና ደወለ። ድምፁ ሌላ ነበር።

«ላሊሴ፣ ተቀምጠሻል?»

«ምን ሆንክ?»

«እኔ ደህና ነኝ። እትዬ ድንቅቱ የሚባሉ ተማሪ አሉኝ፤ ነግሬሻለሁ፣ ሆለታ አበባ እርሻ ይሠሩ የነበሩት። ዛሬ ስልኩን ጆሯቸው ላይ ሰክተው ብቻቸውን ሊለማመዱ ወጡ። ሃያ አምስተኛውን ገጽ ሰምተው የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ደረሱ። ቀጥሎ የሚመጣው ሃያ ስድስት ነው፤ ‹ቁም፣ ከሁለቱም በኩል አዳምጥ፣ የመኪና ድምፅ እስኪጠፋ አትንቀሳቀስ› የሚለው። ስልኩ ያነበበላቸው ግን ሃያ ሰባትን ነው።»

ላሊሴ ሃያ ሰባትን ታውቀዋለች። በእጇ ቆርጣዋለች። ‹በትርህን አንስተህ አሳይ፣ ቀጥ ብለህ ተሻገር› ነው የሚለው።

«ተሻገሩ?» አለች። 

«አንድ እግራቸውን አስገቡ። አይሱዙ እየመጣ ነበር። ከፋብሪካ የወጣች ልጅ በቀሚሳቸው ጎትታ አወጣቻቸው። ጉልበታቸው ተልጧል፣ ሌላ ምንም አልሆኑም።»

 ከአፏ የወጣው ግን ይቅርታ አልነበረም። «ኮምፒውተሩ ነው» አለች። «አንዳንዴ ያቀያይራል።»

እስራኤል ቀስ ብሎ ቀጠለ።

«ከዚያ በኋላ ሁሉንም ሰማሁት። ጽሑፉን በቃሌ ነው የማውቀው። የተቀያየሩት ስድስትና ሰባት፣ አሥራ ስድስትና አሥራ ሰባት፣ ሃያ ስድስትና ሃያ ሰባት፣ ሠላሳ ስድስትና ሠላሳ ሰባት ናቸው። ሌላው ሁሉ ልክ ነው። ኮምፒውተር እንዲህ መርጦ አይሳሳትም፣ ላሊሴ።» ድምፁን ዝቅ አደረገ። «እኔ መዝሙር ደብተር ላይ መጀመሪያ የጠፉብኝ እነሱ ነበሩ። ስድስትና ሰባት። አሥራ ሁለት ዓመቴ ነበር። ለእናቴ ደብተሩ ነው የቆሸሸው አልኳት።»

ላሊሴ ሻርፗን ጨበጠች።

«ከመቼ ጀምሮ ነው?» አለ።

ስልኩን ዘጋችው። ሲደውል አላነሳችም። ከዚያ ቁጥሩን ዘጋችበት፤ ወደ ጓዳ ገባችና የማተሚያ ወረቀት ክምር ላይ ተቀምጣ፣ ሻርፗን አፏ ላይ ይዛ አለቀሰች። የምታለቅሰው ለእትዬ ድንቅቱ ይሁን ለራሷ አታውቅም። በቦታው ሳትኖር የአይሱዙው ፍሬን ሲጮህ ይሰማታል።

በማግስቱ ማንም ሳይገባ ቀድማ ገብታ ፋይሉን ከፈተችው። የተማሪዎቹ ስልክ ላይ ያ ገጽ አለ፤ ሌላ ሰው ዛሬ አስፋልት ዳር ሊቆም ይችላል። ቁጥሮቹን አተለቀቻቸው። ነጠብጣቡ ትልቅ ነጠብጣብ ሆነ እንጂ አልጠራም።  አሁን መገመት አትችልም፤ ግምቷ ሰው ሊገድል ነበር።

ያን ጊዜ የእስራኤል ድምፅ ትዝ አላት፤ «ድምሩ ሁልጊዜ አርባ አንድ ነው።»

ካልተቆረጡት ሉሆች አንዱን አወጣች። ከነጠብጣቡ አጠገብ ያለው ገጽ ቁጥር ሠላሳ አምስት ነው፤ ያ በደንብ ይለያል። ከአርባ አንድ ላይ ሠላሳ አምስት ሲነሳ ስድስት። ነጠብጣቡ ስድስት ነው! ሌላውን አወጣች፤ ጎረቤቱ ሠላሳ አራት፣ ስለዚህ ሰባት። ሃያ ስድስትን ከአሥራ አምስት፣ ሃያ ሰባትን ከአሥራ አራት አገኘቻቸው። አርባውንም ገጽ እንዲህ አንድ በአንድ አሰላችው፤ ከዚያ በአፏ እያነበበች የሐሳቡን ተራ አረጋገጠች፤ መጀመሪያ፣ መሃልና መጨረሻ ብቻ አላለችም። ስትጨርስ ጋሽ ወንዳፍራሽ በሩን ሲከፍቱ ሰማቻቸው።

ፋይሉን ለመላክ የዘጋችውን ቁጥር ከፈተች። መልእክት አልጻፈችም። መልሱ ወዲያው መጣ፤ «ደረሰኝ። ሁሉንም ሰምቼ ነው የምልክላቸው። እትዬ ድንቅቱ ደህና ናቸው።» አልወቀሳትም። ቢወቅሳት ይሻላት ነበር።

«ጋሽ ወንዳፍራሽ» አለች ዘወር ብላ፤ «ዓይኔ አያይም። ማለቴ፣ እየቀነሰ ነው። ቁጥር መለየት አቅቶኛል። ላባርርሽ ካሉኝ ይገባኛል።»

ሽማግሌው ቦርሳቸውን እንደያዙ ቆሙ። 

«ታዲያ ውሃ አይበቃውም በይኛ» አሉ። «ይህን ሁሉ ጊዜ ውሃ ጠጪ ስልሽ… ሐኪም ቤት ሂጂ፣ ልጄ። ወንበርሽ አይሄድም።»

ቅዳሜ ጠዋት ወደ ሰበታ ሄደች። ታክሲ በቀየረች ቁጥር ለመመለስ አሰበች። አየር ጤና ላይ ረዳቱ «ሰበታ! ሰበታ!» እያለ ሲጣራ ሁለት ታክሲ አሳለፈች፤ በሦስተኛው ገባች።

መጀመሪያ የፈለገችው እትዬ ድንቅቱን ነው። ማኅበሩ የተከራየው ግቢ ውስጥ፣ ጉልበታቸውን በፋሻ ጠቅልለው ፀሐይ ላይ ተቀምጠዋል። ላሊሴ እግራቸው ሥር ተንበርክካ ሁሉንም ነገረቻቸው። ቁጥሩን እንዳላየች፣ እንደደበቀች፣ ‹ኮምፒውተሩ ነው› ብላ እንደዋሸች።

እትዬ ድንቅቱ እጃቸውን ዘርግተው ፊቷን ዳሰሱ። «አለቀስሽ እንዴ? ተይ በቃ! እኔ ላይ ምን ሆነ፣ ጉልበቴ ተላጠ። እኔም ዓይኔ ሲሄድ አበባውን ከነአንገቱ እየቆረጥኩ ‹መቀሱ ነው› እል ነበር።» ከዚያ ቆጣ አሉ። «ሁለተኛ ግን እንዳትደብቂ። ገባሽ? በመደበቅሽ እኔ ነበርኩ የምሞተው።»

«ገባኝ» አለች ላሊሴ። ቁጣው ከይቅርታው ይልቅ አቀለላት።

እስራኤል ከበሩ አጠገብ ቆሞ ነበር። ሲሰማ መቆየቱን ከፊቱ አወቀች። ሄዳ ፊት ለፊቱ ቆመች።

«ከስምንት ወር ጀምሮ ነው» አለች። «ጠይቀኸኝ ነበር።»

«ሐኪም አየሽ?»

«ፈራሁ። ልዋሽህ አልፈልግም፤ አንተንም ነው የምፈራህ። ድምፅህን ስሰማ ደስ ይለኛል፣ በትርህን ሳይ ግን አኮ በርጩማዋ ላይ ትታየኛለች። ራሴም እዚያው ተቀምጬ ይታየኛል። ከምወደው ሰው እየሸሸሁ ነው የኖርኩት፤ ይህ ነው እውነቱ።»

‹ከምወደው ሰው› የሚለው ቃል ሳታስበው አምልጧት ነው። ሁለቱም ሰሙት።  ከውጭ የባጃጅ ጥሩንባ ይሰማል።

«እኔም አንድ ያልነገርኩሽ አለ» አለ እስራኤል። በትሩን ከአንድ እጁ ወደ ሌላው አቀያየረ። «ሐሙስ ዕለት ፋይሉን ስትልኪልኝ ለተማሪ ከመላኬ በፊት አርባውንም ገጽ መስማት ነበረብኝ። ሥራዬ ነው። አምስት ገጽ ሰምቼ ተውኩት። ለምን መሰለሽ? ቶሎ ልደውልልሽ፤ ድምፅሽን ልሰማ ቸኩዬ። እትዬ ድንቅቱን አስፋልቱ ላይ ያስገባናቸው ሁለታችን ነን።»

ላሊሴ እጁን ያዘችው። እንደ መጀመሪያው ቀን የሱ ጣቶች አልቸኮሉም፤ የሷ ግን ጠበቅ አድርገው ያዙ።

ሐኪም ቤት አብሯት ሄደ። ሐኪሟ ዓይኗን በመሣሪያ አይታና ለክታ፣ የዓይን ግፊት ነው አለች፤ በዘር የሚወረስ ዓይነት። የጠፋው አይመለስም። የቀረውን ግን፣ ጠብታው በየቀኑ ሳይቋረጥ ከተደረገ፣ ሊያቆየው ይችላል። እስከ መቼ የሚለውን ላሊሴ ጠየቀች፣ ሐኪሟ «ይህን ማወቅ አይቻልም» አለች። ላሊሴ ከዚያ ስትወጣ ፍርሃቱ አልለቀቃትም። ስም አገኘ እንጂ።

ከሦስት ወር በኋላ የእስራኤል አጎትና ጋሽ ወንዳፍራሽ ሽማግሌ ሆነው ሱሉልታ ሄዱ። አጎትየው እንደ ወጉ ስለ ዘር ጠየቁ። ኦቦ ዲሪርሳ አንገታቸውን ደፉ፤ ከደፉበት ቀና አላሉም። ላሊሴ ከጓዳ ወጣች። 

«የአባቴ እናት ዓይነ ስውር ነበረች» አለች። «እኔም ዓይኔ እየቀነሰ ነው። ቤታችን ውስጥ ይህ አለ። ሌላ የተደበቀ የለም።»

አጎትየው ጉሮሯቸውን ጠራረጉ። «እኛም…» አሉና ፈገግ አሉ፤ «የእኛን ልጅ ታውቁታላችሁ። ለመደበቅ ብንፈልግም አይመቸንም።»

ጋሽ ወንዳፍራሽ ሳቁ። ኦቦ ዲሪርሳ ግን አልሳቁም። «ልጄ ስትጨልምባት እጇን ይዞ የሚመራት ሰው ያስፈልጋታል» አሉ። «እሱ እንዴት ይመራታል? መጥቼ በዓይኔ ልየው። ከዚያ እመልሳለሁ።»

ስለዚህ ኦቦ ዲሪርሳ አንድ ቅዳሜ ሰበታ መጡ። ላሊሴ ከማኅበሩ ትምህርት ከጀመረች አምስተኛ ሳምንቷ ነው፤ የቀረላት ብርሃን እያለ ልማር ብላ ነው የጀመረችው። እስራኤል ኦቦ ዲሪርሳን ከመንገዱ ማዶ፣ መድኃኒት ቤቱ ደጃፍ ላይ እንዲቆሙ ለመናቸው።

ላሊሴ በዚህኛው ማዶ በትሯን ይዛ የአስፋልቱ ጠርዝ ላይ ቆመች። እስራኤል አጠገቧ ነው፤ እጇን አልያዛትም። ዓይኗን በሻርፗ አሰረች። ጨለመ።

የጅማ መንገድ ቅዳሜ ጠዋት አያዝንም። አይሱዙ፣ ባጃጅ፣ ሚኒባስ፣ የፋብሪካ ሰርቪስ። ሁሉም ደረቷ ላይ የሚያልፉ መሰላት። እትዬ ድንቅቱ የቆሙት እዚህ ነበር፤ እግሯ ሥር ያለው ጠርዝ ያው ጠርዝ ነው።

«እስራኤል፣ ፈራሁ።»

«እኔም ሁልጊዜ እዚህ ስቆም እፈራለሁ» አለ። «አሥራ ስድስት ዓመት ሙሉ። የፈራ ሰው በደንብ ያዳምጣል። የትኛው ገጽ ላይ ነን?»

«ሃያ ስድስት።»

«በይ እንግዲህ።»

ቆመች። አዳመጠች። ከግራ አይሱዙ መጣና አለፈ። ከቀኝ ባጃጅ መጣ፣ አለፈ። ከሩቅ ሌላ ነገር አለ፤ ጠበቀች፣ ቀረበ፣ አለፈ። ድምፁ ሁሉ ሲሳሳ፣ ከመንገዱ ማዶ አንድ የምታውቀው ነገር ሰማች። የአባቷ ሳል ነው። ሲጨነቁ የሚስሉት። ኦቦ ዲሪርሳ ሊጮሁ እየፈለጉ አፋቸውን በእጃቸው ይዘው እንደቆሙ በዓይኗ ሳታይ አወቀች።

«አሁን?» አለች።

«እኔ አልነግርሽም» አለ እስራኤል። «አንቺ ንገሪኝ።»

እንደገና አዳመጠች። በግራ የለም። በቀኝ የለም።

«አሁን» አለች፤ በትሯን አንስታ አሳየችና አስፋልቱ ውስጥ ገባች።

እስራኤል ክርኗን ያዘና ተከተላት። እርምጃዋን ቆጠረች፤ ስምንት፣ ዘጠኝ፣ አሥር።  አሥራ አራት ላይ የበትሯ ጫፍ የማዶውን ጠርዝ ነካ።

«ኮቱ፣ ኢንተላ ኮ!» የሚል የአባቷ ድምፅ ተሰማ፤ ነይ ልጄ ማለታቸው ነው። ሻርፗን ፈታ ስታይ ኦቦ ዲሪርሳ እንባቸው ጢማቸው ላይ ወርዷል። «እናቴን ሃያ ዓመት ግድግዳ ሥር አስቀመጥኳት» አሉ በአማርኛ፣ እስራኤልም እንዲሰማ ብለው። «አንድ ሰው በትር ቢሰጣት ኖሮ…» 

ላሊሴ አባቷ እንዲይዟት እጇን ዘረጋች። ኦቦ ዲሪርሳ ግን አለፏትና የእስራኤልን እጅ በሁለት እጃቸው ያዙ።

«መልሱን ለአጎትህ እነግረዋለሁ» አሉት። «አሁን እኔንም ወደዚያ አሻግረኝ። ይህ መንገድ ያስፈራል።»